የቅሬታ አፈታት ሐሳቡን እንጨርስ፣ ጉባኤው ደርሷል

ጸሐፊ፦ እኛ ባለአክሲዮኖች ለጠቅላላ ጉባኤው የያዝነው ሦስት ነጥብ ነው። ኩባንያው ለእያንዳንዱ ቅሬታ ቁጥርና ቀን ያለው ደረሰኝ ይስጥ። በ21 ቀን መልስ ይስጥ። መልስ ያጣውን ደግሞ ሥራ አስፈጻሚ ያልሆነ የቦርድ አባል የሚመራው ኮሚቴ ይየው። 21 ቀኑን ዝም ብለን አላመጣነውም፤ የሕንድ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ በገበያው ለተመዘገቡ ኩባንያዎች የወሰነው ነው። እዚያ ከ1000 በላይ ባለአክሲዮን ያለው ኩባንያ እንዲህ ያለ ኮሚቴ የማቋቋም ግዴታም አለበት። የኮሚቴውን አንቀጽ ማን ይጽፋል?

ሕግ አዋቂ፦ ለእኔ ተዉት። ዓርብ ታገኙታላችሁ።

ባለ 40 አክሲዮን፦ ከርዕሱ "ቅሬታ" የሚለው ይውጣ። ቅሬታ ቅር መሰኘት ነው። እኔ ቅር ብሎኝ አይደለም፣ የትርፍ ድርሻዬ ስላልተከፈለኝ ነው። "አቤቱታ" ይባል።

የቀድሞ ኦዲተር፦ አቤት የሚባለው ለዳኛ ነው። ቦርዱን የመረጥነው እኛ ነን። ባለቤት ለሾመው ሰው አቤት አይልም።

ባለ 40 አክሲዮን፦ ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ደጅ የጠናሁት እኔ ነኝ። ባለቤት መሆኔን ማን ነገራቸው?

ወራሽ፦ ስለ ስሙ ተዉትና ደረሰኙ ላይ እናተኩር። የአባቴ አክሲዮን ወደ እኛ እንዲዞር ያስገባሁት ማመልከቻ ኮፒው እጄ ላይ አለ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ "ይታያል" ተብሎበታል። ማኅተም የለው፣ ቀን የለው። እዚህ አገራችን ያለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጋ ስሄድ "መጀመሪያ ለኩባንያው አመልክተሻል?" አሉኝ። በምን ላሳይ?

የቀድሞ ኦዲተር፦ አዝናለሁ እህቴ። ግን ስሙ ቀላል ነገር አይደለም። "አቤቱታ" ካልን ቦርዱ ፍርድ ሰጪ ነኝ ብሎ ይቀመጣል። በራሱ ጉዳይ!

ባለ 40 አክሲዮን፦ እርስዎ ያኔ ሒሳቡን ሲመረምሩ ያልተከፈለውን የትርፍ ድርሻ ለምን አላዩትም?

የቀድሞ ኦዲተር፦ እሱን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ያነበበው ሰው ከሌለ እኔ ምን ላድርግ። እንዲህ ከሆነ እኔን ከፈራሚዎቹ አውጡኝ።

ጸሐፊ፦ ኧረ ተዉ እባካችሁ። የጋራ ሐሳብ ነው፣ እያንዳንዱ ፊርማ ያስፈልገናል።

ባለ 40 አክሲዮን፦ ጋሼ፣ ተናድጄ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የቀድሞ ኦዲተር፦ ይሁን፣ አልፏል። "የመብት ጥያቄ" ቢባልስ?

ባለ 40 አክሲዮን፦ እሱ ያስማማኛል። መብት ካልን ግን የባለአክሲዮኖች መዝገብና ቃለ ጉባኤ የማየት መብትም ይግባ።

አዲስ አባል፦ አዲስ አክሲዮን ሲወጣ በቅድሚያ የመግዛት መብትም ይጨመር። ባለፈው ማስታወቂያው የደረሰኝ ጊዜው ካለቀ በኋላ ነው።

ጸሐፊ፦ ዓርብ አለፈ። ሕግ አዋቂ፣ አንቀጹ የት ደረሰ?

ጸሐፊ፦ ስልክም አያነሳም። አጀንዳ የሚዘጋው ነገ ነው። ኮሚቴውን ለጊዜው ላውጣው?

የቀድሞ ኦዲተር፦ ሳይጻፍ ማቅረብ አይቻልም። ይውጣ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ የሚገባው ይህ ነው፦ "የባለአክሲዮኖች የመብት ጥያቄ፤ መዝገብና ቃለ ጉባኤ ስለማየት፣ አዲስ አክሲዮን በቅድሚያ ስለመግዛት።"

ወራሽ፦ ደረሰኙስ? 21 ቀኑስ?

ጸሐፊ፦ ከመድረክ በቃል እናነሳዋለን።

ወራሽ፦ እኔ አነሳዋለሁ። ኮፒውን ይዤ እመጣለሁ።