መጽሐፍ ቅዱስ ለባርነትና ለቅኝ አገዛዝ ማጽደቂያ መዋሉን ለወጣቶች እንዴት እናስተምር?

ጥያቄ፦
በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። ዘንድሮ ካነሷቸው ጥያቄዎች እጅግ የከበደኝ፣ አፍሪካን በቅኝ የገዙትና ሕዝቧን በባርነት የሸጡት ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ በእጃቸው ከነበረ እኛ ያንኑ መጽሐፍ በምን ዓይን እናንብበው የሚለው ነው። ቅዱሳት መጻሕፍትን ከድኅረ ቅኝ ግዛት አንጻር፣ ማለትም ገዢዎች እንዴት እንደ ተጠቀሙባቸውና የተገዙት እንዴት እንደሚያነቧቸው እየጠየቁ፣ የሚመረምሩ ምሁራን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይህን አቀራረብ የተማሪዎቹን እምነት ሳላናጋ ወደ ክፍል ላመጣው የምችለው እንዴት ነው?

ምላሽ 1፦
በንድፈ ሐሳብ ባይጀምሩ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1807 በእንግሊዝ ግዛት ሥር በነበሩት የካሪቢያን ደሴቶች ለሚገኙ ባሪያዎች ተብሎ፣ ክፍሎቹ እየተመረጡ በለንደን የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ያሳዩአቸው። ዮሴፍ በወንድሞቹ መሸጡ በውስጡ አለ፤ እስራኤል ከግብፅ ባርነት መውጣቱ ግን የለም። ባሪያዎች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ የሚያዝዘው የኤፌሶን ቃል እንዲቆይ ሲደረግ፣ «ባሪያ ወይም ጨዋ (ነጻ) ሰው የለም» የሚለው የገላትያ ቃል ወጥቷል። ያዘጋጁት ሰዎች የፈሩት ሙሉውን መጽሐፍ እንደ ነበር ተማሪዎቹ ማንም ሳይነግራቸው ይረዱታል፤ ይህም እምነታቸውን ያጸናዋል እንጂ አያናጋውም።

ምላሽ 2፦
የተባለው እውነት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አገራችን በቅኝ አልተገዛችም፤ ሊቃውንቶቻችንም አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያሉ በየፈርጁ ሲተረጉሙ ኖረዋል። ለሌላው ቁስል የተቀመመ መድኃኒት ለእኛ ልጆች ምን ይፈይዳል?

ምላሽ 3፦
ወንድሜ፣ አንድምታን ማንሣትዎ ተገቢ ነው። ሆኖም ቅዱስ ቃልን ለገዢ ጥቅም ማዋል ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይደለም። የአገራችን ጥንታዊ የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ነጻ መሆናቸውን ከመሰከረ በኋላ፣ ጦርነት አንዱን ለሌላው አገልጋይ እንደሚያደርገው ይናገርና በዙሪያ ካሉ አሕዛብ ባሪያ መግዛትን የሚፈቅደውን የዘሌዋውያን ሕግ ይጠቅሳል፤ በእኛም አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው።

ለጠያቂዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 በደቡብ አፍሪካ የነገረ መለኮት ምሁራን አፓርታይድን በመቃወም ያወጡትን የካይሮስ ሰነድ እጠቁማለሁ። የአፓርታይድ ደጋፊዎች ለባለ ሥልጣን መገዛትን የሚያዝዘውን ሮሜ 13ን ሲጠቅሱ፣ የሰነዱ አዘጋጆች ጳውሎስ ለእነማን፣ በምን ሁኔታ እንደጻፈ ጠይቀዋል፤ መንግሥት እንደ አውሬ የሚታይበትን ራእይ 13ንም አብረው አንብበዋል። ኃይለ ቃልን በኃይለ ቃል መፍታት ለአንድምታ መምህራን እንግዳ ነገር አይደለምና ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን ማስነበብ ጥሩ መነሻ ይሆንዎታል። በእኔ ክፍል ግን ክርክሩ የሚበረታው የዘሌዋውያኑ ጥቅስ ከራሳችን የሕግ መጽሐፍ ሲነበብ ነው፤ ለእርሱ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይያዙለት።