አባቴ ሆስፒታል ተኝቷል፣ የጤና መድን ደብተሩ «አልታደሰም» ተባልኩ፤ አሁን ምን ላድርግ?

ጠመኔ፦
ሰላም ቤተሰቦች፣ በጣም አስቸኳይ ነው። አባቴ ትናንት ማታ ሆስፒታል ገባ። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነው። ደብተሩን ሳሳያቸው የዘንድሮ ማኅተም የለበትም፣ አልታደሰም፣ በግል ክፈል አሉኝ። እኛ ግን ከፍለናል! ከመድኃኒቱም ግማሹን ከውጭ ግዛ ተብያለሁ። በኔ ስም ማድረግስ ይቻላል? የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አሁን ክፍያ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነው የምጽፈው። ቶሎ መልሱልኝ ባካችሁ።

ደረቅ ቼክ፦
እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። ሰልፍ ላይ ቆመህ ስልክ አትነካካ፣ ተራህን ይቀሙሃል። ከኋላህ ያሉት እናቶች እንዳይመስሉህ።

ወረዳ ነዋሪ፦
ደረሰኝ አላችሁ? ደብተሩ ላይ ማኅተም የለም ማለት አልከፈላችሁም ማለት አይደለም። እኛ ሰፈር መዋጮውን ቤት ለቤት ይሰበስቡና ደብተሩን «ነገ አምጡ፣ ይመታላችኋል» ይላሉ። ነገ የሚሄድ የለም። ሰው ደብተሩን የሚያስታውሰው ሲታመም ነው። ደረሰኙን ፈልግ።

ሲስተር ቢ፦
ጠመኔ፣ ዋናውን ነገር አልነገርከንም። በድንገተኛ ነው የገባው ወይስ በተመላላሽ? ከጤና ጣቢያ ሪፈር አለው? ደብተሩ የየት ወረዳ ነው? ሆስፒታሉ ከዚያ ወረዳ ጋር ውል አለው? መልሱ በእነዚህ ይለያያል።

አልከፍልም፦
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አይገባኝም። መድን ሲባል አምናችሁ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ መስኮት ጋ ታለቅሳላችሁ። መዋጮው ይጨምራል፣ መድኃኒቱ «የለም» ነው። ላቦራቶሪ ስትሄድ ኬሚካል አልቋል። ስካን ስትል ማሽኑ ተበላሽቷል። ታዲያ የከፈልከው ለምንድን ነው? ያንን ገንዘብ እቤትህ ብታስቀምጠው ዛሬ ትገላገል ነበር።

ጋሽ ቆቡ፦
አልከፍልም ልጄ፣ የአንድ ዓመት መዋጮ እቤት ስላስቀመጥክ ቀዶ ሕክምና አይከፍልልህም። የጓዳ ገንዘብ ደግሞ እንደምታውቀው ነው፤ ለልጅ ደብተር ይወጣል፣ ለሰርግ ይወጣል፣ የበሽታ ቀን ሳጥኑ ባዶ ነው። ባለቤቴ ማኅፀኗን ኦፕራሲዮን ስትሆን መድኑ ባይኖር በሬ ነበር የምሸጠው። በሬውን ሸጬ ደግሞ በምን ላርስ? መድኃኒት ይጎድላል፣ እሱን አልክድም። እሷም አንዱን መርፌ ከውጭ ነው የገዛንላት። አልጋው፣ ኦፕራሲዮኑ፣ ምርመራው ግን በደብተሩ አለፈ።

የቀለም ቀንድ፦
ይህ ጉዳይ ከሥሩ ካልታየ መልስ አይገኝለትም። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን 2003 ዓ.ም. ላይ በ13 ወረዳዎች ነው በሙከራ የተጀመረው፤ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች። የታሰበው ለገበሬውና ደመወዝ ለሌለው የከተማ ሰው ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፣ በግለሰብ አይደለም። የድሃ ድሃ ተብለው ለተለዩት መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ። ደመወዝተኛው በሌላ አዋጅ ነው የሚታየው፤ በማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002። እሱ ላይ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ነበር የተወሰነው። ሊጀመር ነው በተባለ ቁጥር ሠራተኛው «ደመወዜ ለወር አልበቃ ብሎ» እያለ ተቃወመ፣ ነገሩም በተደጋጋሚ ተራዘመ። እንግዲህ የችግሩን ሥር ስንመረምር...

ደረቅ ቼክ፦
ፕሮፌሰር፣ ሰውየው መስኮት ጋ ነው ያለው። ሥሩን በኋላ እንቆፍራለን።

የቀለም ቀንድ፦
ደረቅ ቼክ፣ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ እኮ። «በኔ ስም ማድረግ ይቻላል?» ብሎ ጠይቋል። አይቻልም። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ራሱ የማኅበረሰብ መድን አባል አይደለም። አባቱ የራሱ ቤተሰብ አባወራ ነው፣ በራሱ ደብተር ነው የሚታከመው።

ጠመኔ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሲስተር፣ በድንገተኛ ነው የገባው። ሆዱን ቆርጦት ሌሊቱን ሲያስታውክ አደረ፣ ቀጥታ እዚህ አመጣነው። ሪፈር የለውም፣ ጤና ጣቢያ አልሄድንም። ሆስፒታሉ ከኛ ወረዳ ጋር ይሠራል፣ የሰፈሬ ሰዎች በመድን እዚህ ሲታከሙ አውቃለሁ። ደረሰኙ እናቴ ጋ ገጠር ነው። ስማርት ስልክ የላትም።

ሲስተር ቢ፦
እሺ፣ አሁን ገባኝ። በጥሞና አንብበኝ።

መጀመሪያ ከመስኮቱ ሂድ። ካሸሯ ምንም ልታደርግልህ አትችልም። ሆስፒታሉ የጤና መድን ክፍል አለው፣ ብዙ ጊዜ ከካርድ ክፍል አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ነው። ካጣኸው ሊየዘን ቢሮ (የታካሚ ቅብብሎሽ የሚያስተባብረው ክፍል) ብለህ ጠይቅ። «ከፍለናል፣ ማኅተሙ ብቻ ነው የቀረው፣ ከወረዳው አጣሩልኝ» በላቸው።

ድንገተኛ ከሆነ ሪፈር አያስፈልገውም። ሪፈር የሚጠየቀው ቀን ቆጥሮ ለሚመጣ ታካሚ ነው። ግን ዶክተሩ ካርዱ ላይ «ድንገተኛ» ብሎ ጽፎ መፈረሙን አረጋግጥ። እሱ ከሌለ ነገ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ጤና ጣቢያን ዘሎ ነው የመጣ ይሉሃል።

ለእናትህ ደውል። ደረሰኙን ይዛ ጤና ኬላ ትሂድ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ በራሷ ስልክ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ኤክስቴንሽኗ የወረዳውን የመድን አስተባባሪ ስልክም አታጣም። አስተባባሪው መዝገቡን አይቶ ለሆስፒታሉ ይደውል ወይም ደብዳቤ ይጻፍ። ዋናው ማስረጃ የወረዳው መዝገብ ነው።

ደግሞ ኦፕራሲዮኑ በዚህ ምክንያት መዘግየት የለበትም። «ገንዘብ ካላመጣህ አናስገባም» የሚል ካለ ዶክተሩን ወይም ተረኛ ኃላፊውን አናግር። ሕይወት ይቀድማል፣ ሒሳቡ ይከተላል።

ሰላም አለ፦
ደረሰኙን ፈልጉ። ደረሰኝ ካለ ያልቃል።

ደረቅ ቼክ፦
ሰላም አለ፣ ከላይ ያለውን ብታነበው ደስ ይለን ነበር።

ሰላም አለ፦
አንብቤዋለሁ። ለማስታወስ ነው።

የፋርማሲው ልጅ፦
ስለ መድኃኒቱ የነገረህ የለም። እኔ ከመስኮቱ በዚህ በኩል ስለሆንኩ ልንገርህ። ዝም ብለህ በሩ ላይ ካለው የግል ፋርማሲ እንዳትገዛ። ማዘዣውን ለሆስፒታሉ ፋርማሲ ስጥ፣ የሌላቸው ላይ «የለም» ብለው ማኅተም ይምቱበት። ያ ማኅተም ከሌለ ብትገዛም ገንዘብህን የሚመልስልህ የለም። ከዚያ «ውል ያላችሁ የውጭ ፋርማሲ አለ ወይ?» በላቸው። አዲስ አበባ ከሆንክ «ከነማ» የሚባሉትን ፋርማሲዎች ጠይቅ። ሌላ ቦታ ከሆነ ወረዳው የትኛውን እንዳስያዘ አስተባባሪው ያውቃል። ካጣህና በኪስህ ከገዛህ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበል፣ በአባትህ ስም ይሁን፣ በአንተ ስም አይሁን። የማዘዣውን ኮፒም አስቀር። የሚመልሱበትም የማይመልሱበትም ወረዳ አለ፣ ግን ወረቀት ከሌለህ ጥያቄውም አይኖርህም።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ሐኪሙ በንግድ ስሙ ጽፎት ከሆነ «በዋናው ስም አለ ወይ» ብለህ ጠይቅ። ስንቱ ሰው መደርደሪያ ላይ ያለውን መድኃኒት አጥቶ ሲዞር አይቻለሁ።

አልከፍልም፦
ይኸው! አንድ ሰው አባቱ ታሞበት ማኅተም፣ ደረሰኝ፣ ኮፒ፣ ደብዳቤ ያሳድዳል። ሥርዓቱ መሻሻል አለበት የሚባለው ይህ ነው። ጭራሽ ግዴታ ይሁን ይላሉ።

የሒሳብ ሰው፦
እኔ ደግሞ ግዴታ ይሁን ከሚሉት ነኝ። ምክንያቴን ልንገርህ። በፈቃድ ሲሆን ጤነኛው «ምን አገባኝ» ብሎ ይቀራል፣ የሚመዘገበው ስኳር ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ሚስቱ እርጉዝ የሆነችበት ነው። ዕድርተኛው ሁሉ ቀርቶ ለቅሶ የደረሰባቸው ብቻ የሚያዋጡበት ዕድር አስብ። በዓመቱ ይዘጋል። ከዚያ መዋጮ ይጨመራል፣ ሲጨመር ደግሞ የተወሰነው ጤነኛ ይወጣል።

ሌላው የቋቱ፣ መዋጮው የሚጠራቀምበት ካዝና ጉዳይ ነው። ለብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ቋት ይዞ ነበር። አንድ ወረዳ ላይ በሽታ በርታ ካለ ቋቱ ይደርቃል፣ ለሆስፒታሉ መክፈል ያቅተዋል። ሆስፒታሉ ገንዘቡ ሲዘገይበት መድኃኒት መግዛት ያቅተዋል። ታካሚው «የለም» ይባላል። አልከፍልም፣ አንተ የምትማረርበት «የለም» ከዚህ ነው የሚመጣው፣ ከመድኑ መኖር አይደለም። ቋቶቹ በዞን ወይም በክልል ይዋሃዱ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ካሸሯም ክፉ ሆና አይደለም። ሆስፒታሉ ሒሳቡን ለወረዳው ልኮ ነው የሚያስከፍለው። ያልታደሰ ደብተር ከተገኘበት ኦዲት ይጥልበታል፣ ኪሳራው የሆስፒታሉ ይሆናል።

አልከፍልም፦
ንድፈ ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ኬንያን አላየህም? እ.አ.አ. በ2024 አሮጌውን መድን አፍርሰው አዲስ አመጡ፣ ከደመወዝ 2.75 በመቶ ይቆረጣል። ሰዉ ምን ያህል እንዳማረረ ታውቃለህ። ግዴታ ስላልከው ብቻ መድኃኒት አይመጣም። መጀመሪያ መድኃኒቱን አምጡ፣ ከዚያ ቁረጡኝ።

የሒሳብ ሰው፦
መድኃኒቱ በምን ይምጣ ታዲያ? ጋና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ 2.5 በመቶ ጨምራ ነው መድኗን የምትደጉመው። እኛም ከመዋጮ ውጭ ሌላ ምንጭ ያስፈልገናል ብትለኝ እስማማለሁ። ከገበሬ በሚሰበሰብ መዋጮ ብቻ ሆስፒታል አይንቀሳቀስም። «አልከፍልም» ማለት ግን ሐሳብ አይደለም።

ጋሽ ቆቡ፦
ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ገበሬው ከመኸር በኋላ እጁ ላይ ብር ሲገባ ነው መዋጮ የሚጠየቀው፣ ያ ጥሩ ነው። የከተማው ቀን ሠራተኛስ? መኸር የለው። አንዴ በዓመት አምጣ ሲሉት ከየት ያመጣል? በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢቀበሉት ምናለ?

ደረቅ ቼክ፦
ጋሼ፣ እሱማ የሚኒስቴር ሐሳብ ነው። እዚህ ባከኑ።

ጠመኔ፦
ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥሽ። የመድን ክፍሉን አገኘሁት፣ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለው፣ ፊት ለፊቱ የደብተር ክምር ነው። ሰምቶኛል። ዶክተሩም «ድንገተኛ» ብሎ ፈርሞልኛል። እናቴ ደረሰኙን አስልካለች፣ ደርሷል። ግን ደረሰኙ ላይ የአያት ስም በስህተት ነው የተጻፈው፣ «ገብረ» የሚለው ቀርቷል። ልጁ ይህማ ሌላ ሰው ነው አለኝ። አሁንስ?

ሰላም አለ፦
ደብዳቤ።

ወረዳ ነዋሪ፦
ሰላም አለ አሁን ልክ ነው። የደብተሩን ቁጥር ከደረሰኙ ቁጥር ጋር አስተያየው። ብዙ ደረሰኝ ላይ የአባልነት ቁጥሩ ይጻፋል። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ስሙ የጸሐፊ ስህተት እንደሆነ ልጁም ይገባዋል። ካልተጻፈ አስተባባሪው «ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው» የሚል ደብዳቤ በማኅተም ጽፎ በቴሌግራም ይላክልህ፣ ዋናው ሰነድ በኋላ ይደርሳል። ዛሬ ዓርብ መሆኑን አትርሳ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ላይ ሰው የምታገኝ አይመስለኝም፣ አሁኑኑ ደውል።

ሲስተር ቢ፦
እስከዚያ ልጁን «በጊዜያዊነት በመድን ያዝልኝ፣ ማስረጃውን አመጣለሁ» ብለህ ጠይቀው። የአንተን መታወቂያ ወይም የሆነ መያዣ ጠይቀው የሚቀበሉ አሉ። እምቢ ካለህ ኃላፊውን አናግር። ጠብ አትፍጠር፣ ያ ልጅ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ የሚጮህበት ሰው ብዙ ነው።

የቀለም ቀንድ፦
ለወደፊቱ ደግሞ አንድ ነገር ላክል። ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ እህት ወንድሞች አባታችሁ ደብተር ላይ አሉ እንዳትሉ። ራሳቸውን ችለው ነው የሚመዘገቡት፣ ወይም ተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። ይህንንም ሰው የሚያውቀው መስኮት ጋ ሲደርስ ነው።

አልከፍልም፦
ጠመኔ፣ ነገሩን ስቃወም አንተን ለማስከፋት አይደለም። አባትህን ይማርልህ። ደም ካስፈለገው ንገረን፣ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ።

ጋሽ ቆቡ፦
ተባረክ ልጄ። ከመድኑም ይህ ይሻላል።

የሒሳብ ሰው፦
ጠመኔ፣ ምን ላይ ደረስክ? ኦፕራሲዮኑ ተሠራ?

ወረዳ ነዋሪ፦
እኔም እየጠበቅኩ ነው። አስተባባሪውን አገኘኸው?

እመቤት የልጆች እናት፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ እናንተ ስለምታውቁ ነው። እናቴ የመድን ደብተር አላት፣ ታድሷል፣ ማኅተሙም አለ። ዓይኗ ደክሞ መነጽር ታዞላታል። በመድኑ ይሰጧታል?

ሲስተር ቢ፦
ምርመራው አዎ፣ መነጽሩ አይደለም። ሰው ሠራሽ ጥርስም፣ ለውበት የሚሠራ ቀዶ ሕክምናም፣ ውጭ አገር ሕክምናም አይሸፈንም። ሞራ ነው ካሏት ግን መነጽሩን ተዪው፣ ቀዶ ሕክምናውን በደብተሯ ጠይቂ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር ያዙ፤ የእናንተው ድንገተኛ አይደለም።