ደሞዝ ለቆ በግል ሥዕል መሥራት፦ ከጎጃም ሆኖ ያዋጣል?

ጠያቂዋ፣ ከባሕር ዳር፦
አንድ ድርጅት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ። ባነሩ፣ ዓመታዊ መጽሔቱ፣ የስብሰባው ባጅ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው። የምወደው ግን የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ነው፤ እሱን ማታ ማታ እሠራለሁ። ደሞዜን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ለሥዕል ልስጠው? አዲስ አበባ መሄድ አልፈልግም። እስኪ ተከራከሩልኝ።

ከደብረ ማርቆስ፦
አያዋጣም እህቴ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ስንት ወር ጠፍቶ እንደቆየ ረሳሽው? ደሞዝተኛው ቢሮ ገብቶ ወጥቶ ደሞዙን ተቀበለ። በኢንተርኔት ሥራ የሚልከውስ? ደንበኛ ኔትወርክ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ሌላ ሠዓሊ ይፈልጋል።

በግሉ የሚሠራ፣ ከባሕር ዳር፦
ያ ጊዜ ከባድ ነበር፣ አልክድም። ዋይፋይ ፍለጋ ሆቴል ለሆቴል ዞረናል። ግን ሥዕሉን ቤትሽ ሆነሽ ነው የምትሠሪው፤ ኔትወርክ የሚያስፈልግሽ ለመላክ ነው። ደግሞ ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት መቶን አለፈ። ደሞዝሽ በዚያው ልክ ጨመረ? አንድ የውጭ ደንበኛ እንኳ ካለሽ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦
ዶላሩን በምን ታስገባዋለህ ወንድሜ? ፔይፓል እኛ አገር ገንዘብ መቀበያ አይሆንም።

በግሉ የሚሠራ፦
በባንክ። ይዘገያል፣ መሐል ላይ ለአገልግሎት ይቆረጥበታል፣ ግን ይገባል። ደግሞ የዘጌን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ በሥዕል የሞሉት የወር ደሞዝተኞች ነበሩ እንዴ?

ከደብረ ማርቆስ፦
የባሕር ዳር ቤት ኪራይ አልነበረባቸውማ!

ማተሚያ ቤት ያላቸው ጋሼ፦
ውጭ ውጭ ስትሉ እዚህ ያለውን ረሳችሁ። ደራሲው ይመጣል፣ ለወረቀትና ለኅትመት ይከፍላል። ሥዕል ላይ ሲደርስ "ትንሽ ነገር ጣል አድርጉበት" ይላል። ለብቻው ዋጋ ያለው ነገር አይመስለውም። አሁን ደግሞ በኤአይ ራሱ ሠርቶት ይመጣል። ባለፈው አንዱ ያመጣው ሥዕል ላይ ጀበናው ሁለት አፍ ነበረው። ቡናው በየት በኩል እንደሚቀዳ ብጠይቀው ሳቀና እንዳለ አሳተመው። ልጄ፣ ፉክክርሽ ከእሱ ጋር ነው።

የሕግ ባለሙያ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
ኔትወርክና ዶላር ስትሉ ውሉን ዘለላችሁት። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው፣ ተቀጥረሽም ሆነ ታዘሽ የሠራሽው ሥራ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ፣ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው። "ወይም የአዛዡ" የሚለውን ልብ በይ። ብዙ ሰው ከቢሮ ሲወጣ ሥዕሉም አብሮት ነፃ የወጣ ይመስለዋል። ያለ ውል የሣልሻት ገጸ ባሕርይ ግን በሁለተኛው እትም፣ በደብተር ሽፋን፣ በቲሸርት ላይ ብትወጣ ለአንቺ ሳንቲም ላይደርስሽ ይችላል። የሠዓሊነት ስምሽ እንዲጠቀስ መጠየቅ ግን መብትሽ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ለስንት እትም፣ በምን በምን መልክ ብለሽ ጻፊ።

ለደንበኛ ናሙና ብለሽ የምታሳዪው የቢሮ ሥራም የድርጅቱ ስለሆነ፣ ሳትወጪ ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበይ። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት መልቀቂያ ስታስገቢ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አለብሽ። ድርጅቱ የሚከፍልልሽ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም በዚያው ይቆማል። ይህን ማንም አያስበውም፣ ወጣት ስለሆነ።

ጠያቂዋ፦
ውሉስ እሺ። እዚህ ሁሉ ሰው ዘመድ ነው፤ ቀብድ ስጠይቅ "አላመንሽኝም?" ይሉኛል።

ማተሚያ ቤት ያላቸው ጋሼ፦
ግማሹን ቀብድ መስጠት የከበደው ቀሪውንም አይሰጥሽም። እኔ ለዘመድም ያለ ቀብድ ማሽን አላስነሳም። "ከሁለት ጊዜ በላይ ማስተካከያ ለብቻው ይከፈልበታል" የምትለዋንም ጨምሪባት። አለዚያ የልጅቷን ፀጉር ሹሩባ ስትሠሪና ስትፈቺ ክረምቱ ይወጣል።

በግሉ የሚሠራ፦
ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድም አውጪ። ደረሰኝ ከሌለሽ የድርጅት ሒሳብ ክፍል አይከፍልሽም።

ከደብረ ማርቆስ፦
ይኸው፣ ገና ሳትስል ግብር ከፋይ አደረጋችኋት! እኔ አሁንም አልተስማማሁም። መጀመሪያ ድርጅትሽን ግማሽ ቀን ብቻ ልሥራ ብለሽ ጠይቂ።

ጠያቂዋ፦
ጠይቄ ነበር። "ባነሩን ማን ሊሠራው ነው?" አሉኝ።