ወንድሜ ኢነርጂ ድሪንክ አብዝቷል፣ ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ይነዳል። ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥለው ኢነርጂ ድሪንክ ይደራርባል፤ ጫቱም አለ። ሰሞኑን የሻይ ብርጭቆ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ልቤ ድው ድው ይላል ይለኛል። "ለስላሳ እኮ ነው" እያለ ግን አልሰማ አለኝ።

መልስ፦ ነርስ ነኝ እህቴ። 250 ሚሊ ሊትር ሬድ ቡል 80 ሚሊ ግራም ካፌይንና 27 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን አይከፋም፤ ቡናውንም ግን ደምሪበት። ጫትም ልብ ያፋጥናል፣ ግፊት ይጨምራል። አብረው ሲሆኑ በጣም ያሰጋኛል። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሳ። ደረቱን ከወጋው ወይም ራሱን ከሳተ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው።

መልስ፦ እኔም የዚያ መስመር ሹፌር ነኝ። እንቅልፍ ሲመጣ ሚሌ ላይ አቁሞ ትንሽ ይተኛ። ጭነቱ ይቆየዋል።