ሐሙስ ቃለ መጠይቅ አለኝ፤ የሙያ ታላቆቼ ምከሩኝ

ሰላም ለእናንተ እህቶቼና ወንድሞቼ። ዘንድሮ በነርሲንግ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ብቃት ምዘናውንም አልፌያለሁ። ሐሙስ ካዛንቺስ አካባቢ ያለ አንድ የግል ሆስፒታል ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል።

ስሌቱ አያስፈራኝም። 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) በ8 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ ቢሉኝ፣ አንዱ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ እንደሚሆን ወዲያው እመልሳለሁ። ከሁለት ታካሚ መተንፈስ ያቃተው እንደሚቀድምም አውቃለሁ።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ቀደም ሲል በሌላ ቦታ የጠየቁኝ ሴት «ሐኪሙ ያዘዘው መጠን ከልክ በላይ ቢመስልሽስ?» አሉኝ። መድኃኒቱን ሳልሰጥ በፊት ሐኪሙን አነጋግራለሁ አልኩ። «ዝም ብለሽ ስጪ ቢልሽስ?» ሲሉኝ ቃል አጠረኝ። ለክፍሉ ኃላፊ ነርስ አሳውቃለሁ፣ የሆነውንም በታካሚው መዝገብ ላይ እጽፋለሁ ማለት ይበቃል? ወይስ ከአዲስ ሠራተኛ አፍ ሲወጣ ድፍረት ይመስላል? ታላቅን መቃወም በእኛ ዘንድ ከባድ ነው፤ ሆኖም የታካሚው ሕይወት ከማንም ክብር እንደሚበልጥ አምናለሁ፤ ይህንን ሳልሸፋፍን፣ ግን በትሕትና መናገር እፈልጋለሁ።

ደግሞ «የሥራ ልምድ የለሽም» ሲሉኝ፣ በተግባር ልምምድ በማዋለጃና በቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራሁትን ብዘረዝር ዋጋ ይሰጡታል? የታካሚ ስም እንደማልጠቅስ ግልጽ ነው።

በጠያቂነት ተቀምጣችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ ምሩቅ መስማት የምትፈልጉትን እባካችሁ ጻፉልኝ።