የሁቺታን ቀለም የት ሄደ? በግራሲየላ ኢቱርቢዴ ፎቶዎች ላይ የተነሳ ክርክር

ጨለማ ክፍል፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ጥልፍ ያነሳችው ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ። «እንደ ሁቺታን በቀለም የደመቀን ከተማ በጥቁርና ነጭ ማንሳት የሰዎቹን ግማሽ ማንነት መውሰድ ነው» ነበር ያለችው። የምናወራው ሁቺታን በምትባል የደቡብ ሜክሲኮ ከተማ ሰዎችን ስላነሳችው ስለ ሜክሲኳዊቷ ፎቶ አንሺ ግራሲየላ ኢቱርቢዴ ነው። እኔ አልስማማም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ይህች ሴት ጥቁርና ነጭን ለማማር ብላ አልመረጠችውም። በ1942 ሜክሲኮ ሲቲ ተወለደች፣ ከ13 ልጆች ታላቋ ናት። ቶሎ አገባች፣ ሦስት ልጆች ወለደች። በ1969 ፊልም ልማር ብላ ዩኒቨርሲቲ ገባችና እዚያ ማኑኤል አልቫሬዝ ብራቮን አገኘች። የሜክሲኮ ፎቶግራፍ አባት የሚባለው ማለት ነው። ረዳቱ ሆና በየመንደሩ አብራው ዞረች። እሱ የሚያስተምረው ስለ ካሜራ ብቻ አልነበረም። «ጊዜ አለ» የምትል አባባል ነበረችው፣ አትቸኩሉ ለማለት።

በ1970 የስድስት ዓመት ልጇ ሞተችባት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሞቱ ሕፃናትን ታነሳ ነበር፤ በአገሯ «ትንንሽ መላእክት» ይሏቸዋል። አንድ ቀን ዶሎሬስ ኢዳልጎ በሚባል ከተማ ልጁን ሊቀብር የሚሄድ አባት ተከትላ መቃብር ስትገባ፣ መንገዱ ላይ አሞራ የበላው የሰው አስከሬን ተጋድሞ አገኘች። ቀና ስትል ሰማዩ በወፍ ተሞልቷል። ሞት ራሱ «በቃሽ» ያላት መሰላትና ተወችው። ወፎቹ ግን ከፎቶዎቿ ወጥተው አያውቁም። በዚህ መንገድ የመጣን ሰው «ቀለም ለምን አልጨመርሽም» ማለት ይከብደኛል።

ጥልፍ፦
ልጅ ለሞተባት እናት የማዝነው እኔም ነኝ። ግን ሐዘኗ የሷ ነው፣ ልብሱ የሁቺታን ሴቶች። እዚህ ላይ አታደባልቀው።

እኔን እናቴ በጥልፍ ነው ያሳደገችኝ። አንዲት አበባ ለመጨረስ ስንት ቀን እንደምታጎነብስ አይቻለሁ። የሁቺታን ሴቶች፣ ዛፖቴክ የሚባለው ነባር ሕዝብ ሴቶች፣ የሚለብሱት ዊፒል የሚባል የላይ ልብስ ደግሞ ጥቁር ከፋይ ላይ በቀይ፣ በቢጫ፣ በሮዝ ክር ትልልቅ አበባ የተጠለፈበት ነው። ያንን በግራጫ ስታየው ምን ይቀርልሃል? የለባሿ ግርማ ይቀራል፣ የጠለፈችው ሴት ሥራ ግን ይጠፋል። ክሩን የመረጠችው እሷ ናት። ቀይ ከሮዝ አጠገብ የሚቀመጠው በአጋጣሚ አይደለም። ያ የሴት እውቀት ነው፤ ፎቶው ያንን እውቀት ሰረዘው።

ጥያቄ አለኝ፦
እኔን ከቀለሙ በላይ የሚያሳስበኝ ማን ላካት የሚለው ነው። ሰሜን ሜክሲኮ ሶኖራ በረሃ፣ ሴሪ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ጋ የሄደችው በ1979 የመንግሥት የነባር ሕዝቦች ተቋም ሥራ ሰጥቷት ነው። ሀብታም የካቶሊክ ቤተሰብ ልጅ፣ ከዋና ከተማ፣ በመንግሥት ገንዘብ፣ ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ሕዝብ ዘንድ። እንዲህ ሆኖ የተነሳ ፎቶ በቀለምም ይሁን ያለ ቀለም ያው የላኪው ዓይን አይሆንም ወይ?

ጨለማ ክፍል፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ራሱ ፎቶው ውስጥ አለ። «መልአክ ሴት» የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ፀጉሯ የተለቀቀ ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ሰፊው በረሃ ስትወርድ። እጇ ላይ ያለውን አያችሁ? ቴፕ ነው! ሴሪዎች የእጅ ሥራቸውን ለአሜሪካኖች እየሰጡ ቴፕ ይለውጡ ነበር። የመንግሥት ዓይን ቢሆን ኖሮ ያቺን ቴፕ ያስጥላት ነበር። «ጥንታዊ ሕዝብ» ለማሳየት ትመቻለች እንዴ? ኢቱርቢዴ ያንን ፎቶ ማንሳቷን እንኳ አላስታወሰችም፣ በኋላ ከፊልሙ ውስጥ ነው የተገኘው። የበረሃው ስጦታ ነው የምትለው።

ሁቺታን ደግሞ መንግሥት አልላካትም። የከተማው ልጅ የሆነው ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ቶሌዶ ነው «ነይ» ያላት። ሴቶቹ ቤት አደረች፣ አብራቸው ገበያ ተቀመጠች። በየጊዜው እየተመላለሰች ቆይታ መጽሐፉ የወጣው በ1989 ነው። አሥር ዓመት ማለት ነው። ሁለት ቀን አንስቶ ከሚጠፋው ጋር አንድ አናድርጋት እንጂ!

ጥልፍ፦
አሥር ዓመት መቆየቷን አከብራለሁ። ግን ለአሥር ዓመት ያንን ሁሉ ቀለም በዓይኗ እያየች ነው የተወችው። ይሄ አያስቆጭም?

ሙሉ ፍሬም፦
ይቅርታ፣ ልግባ። እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ በሙያ። ኢቱርቢዴ ዓለም የሚታያት በጥቁርና ነጭ እንደሆነ፣ ቀለም ለሷ ምናብ እንደሚመስላት ደጋግማ ተናግራለች። ይሄ ሰበብ ሳይሆን አሠራር ነው። «የኢጓናዎቹ እመቤት»ን ውሰዱ። ገበያ ላይ ኢጓና የምትሸጥ ሴት ናት፣ እንሽላሊቶቹን በሕይወታቸው ጭንቅላቷ ላይ ደርድራለች። ሴትዮዋ ትስቃለች፣ እንስሶቹ ይንሸራተታሉ። ከተነሱት አሥራ ሁለት ገደማ ፎቶዎች አንዱ ብቻ ነው የሆነው። በዚያ አንዱ ግን ኢጓናዎቹ ዘውድ ሆኑ። በቀለም ቢሆን መጀመሪያ የምናየው የገበያውን ሸራና ከኋላ ያለውን ግርግር ነበር። ቀለሙ ሲወጣ አገጯ ቀረ፣ ከላይ ወደ ታች የምታይበት ዓይኗ ቀረ።

ጥልፍ የምትይውንም ግን እቀበላለሁ። ፎቶ አንሺ ምንም ሳያጣ የሚያገኘው ነገር የለም። እዚህ የተከፈለው ክሩ ነው።

ጥያቄ አለኝ፦
እኔ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ፎቶዎች «ሁቺታን የሴቶች መንግሥት ናት» የሚለውን ተረት አግነውታል። ገበያው የሴት ነው፣ እውነት። ሹመቱ ግን በአብዛኛው የወንድ ነበር። ዘውድ ያላት የሚያስመስል ፎቶ ያንን ይሸፍናል።

ጨለማ ክፍል፦
ይሄን አልክድም። ጥፋቱን ግን ሁሉንም በካሜራው ላይ አልጭንም። ደግሞ ከተማው ራሱ ምን አደረገ? ለኢጓናዋ ሴት ሐውልት አቆመላት። በየግድግዳው ሣሏት፣ በግሪክ ተረት ፀጉሯ እባብ በሆነችው ሴት «የሁቺታኗ ሜዱሳ» ብለው ስም አወጡላት። እንደተሰረቀ ሰው ሳይሆን እንደ ባለቤት ነው የያዙት። በ2008 ሃሰልብላድ የተባለውን የፎቶግራፍ ሽልማት፣ በ2025 የስፔኑን የአስቱሪያስ ልዕልት ሽልማት ስታገኝ ዓለም አጨበጨበላት። እኔ ግን ከሁለቱም ያቺን ሐውልት አስበልጣለሁ።

ጥልፍ፦
ሐውልቷን አላውቅም ነበር። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። ግን ሐውልትም ቀለም የለውም። እኔ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ፎቶዎቹ በሚሰቀሉበት አዳራሽ አንድ ዊፒል ከጎናቸው ይሰቀል። ክሩ ይታይ፣ የጠለፈችው ሴት ስም ከሥሩ ይጻፍ። ያኔ የግራሲየላን ግራጫ ያለ ቂም ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።