የንፋስ ተርባይን ቦታ ጉዳይ፤ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ቤተሰቦቼ ግን ፎገራ ናቸው፣ ሐይቁ ዳር። ከሁለት ሳምንት በፊት በመኪና የመጡ ሰዎች የአባቴ የሽምብራ ማሳ ጠርዝ ላይ ቀይ ቀለም የተቀቡ ሦስት ችካሎች መትተው ሄዱ። አንዱን በሬው ነቅሎት አባቴ «ኋላ እንዳልጠየቅ» ብሎ በድንጋይ መልሶ መታው! ለንፋስ መለኪያ ምሰሶ ነው አሉ፤ ቀጥሎ ተርባይኑ ይመጣል ማለት ነው። ብንጠይቅ «ከበላይ ነው» ከማለት በቀር ወረቀት የሚያሳየን አጣን።

መብራት ጠልቼ አይደለም። አዳማ ያሉትን አይቻለሁ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ብቻ 153 ሜጋዋት ነው፤ ያምራሉም። እኛ ጋ ግን በበጋ ከአውሮፓ የሚመጡት ክሬን የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በሺዎች ሆነው፣ ማታ ማታ ወደ ሸሸርና ወላላ ረግረግ ሲመለሱ የሚያልፉት በዚያው ማሳ ላይ ነው፤ ያውም ዝቅ ብለው። ጣና እኮ በ2007 ዩኔስኮ የባዮስፌር (ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩባቸው ጥብቅ ስፍራዎች) መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

የተቸገርኩበት ይኸውላችሁ። አዋጅ 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ይሁን ይላል፤ ታዲያ ሰነዱን የምንጠይቀው ወረዳውን ነው ክልሉን? በአዋጅ 1161/2011 ደግሞ የመሬት ልቀቁ ትእዛዝ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ቅሬታ ያቀርባል። ለእኛ የተጻፈ ነገር አልደረሰንም። ችካሉ ከተመታበት ቀን ይቆጠርብን ይሆን? አባቴ አረንጓዴ ደብተሩ (የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው) በእጁ ነው። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጽፎ የሚያውቅ ካለ አጻጻፉን ቢያሳየኝ፤ ቅዳሜ ወደዚያው ስለምሄድ ይዤው ልሂድ።